አማቴን ቆላ ያስጎበኘሁ ዕለት

ሰው ሲዋሽ በተከፈተ አፉ ዝንብ ብቻ የሚገባ ይመስለዋል። እኔ ግን ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልንገራችሁ፤ አሥራ ሦስት ጡረተኛ መምህራን ከነጃንጥላቸው፣ ከነደብተራቸውና ከነጋቢያቸው ይገቡበታል። ከገቡም በኋላ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

ገንዳ ውኃ ከተማ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርሁ ስምንት ዓመቴ ነው። ስምንት ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም። እግር ያለው ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ ከመተማ እስከ ቋራ፣ ከአብደራፊ እስከ ገለጉ ያለውን ወንዝና ጉብታ ሁሉ በስሙ ሊጠራ ይችላል። እኔም እግር አለኝ። እግሬ የሚያውቀው መንገድ ግን ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ እስከ ሻይ ቤቱ ነው። በሻይ ቤቱ ውስጥም ቢሆን የማውቀው ቬንትሌተሩ ሥር ያለችውን አንዲት ወንበር ብቻ ነው። በስንፍና አትውሰዱብኝ፤ ሙቀቱ ነው። እኛ አገር በሚያዝያ ዶሮ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ የምትሻገረው በሩጫ ነው። የአማዞንን ገባር ወንዞች በቃሌ አወርዳለሁ፤ ከቤቴ ጀርባ የሚያልፈውን ወንዝ ስም አንዲት ተማሪ ስትጠይቀኝ ግን «የቤት ሥራ ይሁንሽ» ብያታለሁ። ሠርታ አመጣች። ልክ ይሁን አይሁን ሳላውቅ አረምሁላት።

እንዲህ ያለውን ሰው ፍቅር ያዘው።

ሰናይት ጎንደር የምትሠራ ነርስ ናት። ለሥልጠና ከተማችን መጥታ ሁለት ሳምንት ስትቀመጥ ተዋወቅን፤ ከተመለሰች በኋላም በስልክ ቀጠልን። በስልክ የሚያፈቅር ሰው ወሬ ያልቅበታል። «ዛሬ ምን ዋልህ?» ስትለኝ «ቬንትሌተር ሥር» ብል ማን ያገባኛል? ስለዚህ አንድ ቀን «ዝሆን ሳይ ዋልሁ» አልኋት። ደስ አላት። በሚቀጥለው ሳምንት ዝሆኑ ሁለት ሆነ። በወሩ መንጋ ሆኖ ወንዝ ሲሻገር አሳየኋት። «ቆላው ለእኔ እንደ ጓሮዬ ነው» ማለትም ያን ጊዜ ነው የጀመርሁት።

በጥቅምት መባቻ ስልኬ ጮኸ።

«ስማ፣ እናቴ ያንተን ቆላ ልታይ ልትመጣ ነው» አለችኝ ሰናይት።

«እናትሽ? ምነው? በደኅና?»

«ጡረታ የወጡ መምህራን ማኅበር አላቸው ብዬህ አልነበረም? በየጊዜው አንድ አገር እየመረጡ ታሪኩን፣ ባህሉንና መልክዐ ምድሩን እየዞሩ ይማራሉ። አስጎብኚ ሲያፈላልጉ፣ ‹የእኔ ሰው እያለ› አልኋቸው።»

«ጎሽ» አልሁ። ከአፌ የወጣው «ጎሽ» ይሁን «ወዮ» ዛሬም በደንብ አላስታውስም።

«ደግሞ እወቀው፣ እናቴ የምትመጣው ቆላውን ለማየት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልታይ ነው?»

«አንተን።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያች ሰዓት እውነቱን ይናገር ነበር። እኔ ግን ወረቀት አውጥቼ ፕሮግራም ጻፍሁ። የመምህር ነገር እንዲህ ነው፤ የማያውቀውን ነገር በሰዓት ከፋፍሎ ሲያሰምርበት ያወቀው ይመስለዋል። «1፡00 የመክፈቻ ንግግር። 2፡00 የቆላ ዕፀዋት። 3፡00 ታሪካዊ ኮረብታ። 4፡30 ትልቁ ባኦባብ ሥር ዕረፍት።» ባኦባቡን እንኳ የማውቀው የተማሪዎች ደብተር ሽፋን ላይ ነው። መስመሮቹ ግን ቀጥ ያሉ ነበሩ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሚኒባሳቸው ደረሰ። ጧት ጎንደርን ሲለቁ በርዷቸው ስለነበር አሥራ ሦስቱም ጋቢ ለብሰው ነበር የወረዱት። ገንዳ ውኃ ላይ በጋቢ መውረድ ምጣድ ላይ በካልሲ እንደ መቆም ነው። ከሁሉም በኋላ አንዲት ቀጭን፣ አጭር ሴትዮ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው ወረዱና ከእግሬ እስከ ራሴ አነበቡኝ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ የሰናይት እናት። ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ አስተምረዋል።

«አንተ ነህ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። እንኳን ደኅና መጡ።»

«እ…» አሉና ዝም ብለው አዩኝ።

ይችን «እ…» ልብ በሉልኝ። ሴትዮዋ ሲጠይቁ አይጮኹም፣ አይቆጡም። መልስህን ይሰሙና «እ…» ብለው ይጠብቁሃል። ዝምታው ይጨንቅሃል። የጨነቀው ሰው ደግሞ ይጨምራል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስንቱን ኮራጅ በዚህች አንዲት ፊደል እንዳናዘዙት እግዜር ይወቀው። እኔም ሳልጠየቅ፣ «መንገዱን እንደ ጓሮዬ አውቀዋለሁ፣ ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው፣ መኪናውም ዝግጁ ነው» አልሁ።

መኪና አልነበረም። ቅዳሜ ሲነጋ የሚኒባሱ ሾፌር ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ በደረቅ ወቅት እንደ ተሰነጠቀ ተረከዝ የሆነውን ጥቁር አፈር አየና፣ «የእኔ መኪና የአስፋልት ልጅ ናት፤ እዚያ አልወስዳትም» ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሌላ እንዳልፈልግ የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነው፤ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ወደ እርሻ ሰው ሲያመላልስ ይውላል። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት የቆመው ተሽከርካሪ አንድ ብቻ ነበር፤ ባዶ ተሳቢ ያንጠለጠለ ቀይ ትራክተር። ነጂው ሲራጅ ይባላል። ሻይ ቤት ነው የምንተዋወቀው፤ እሱ ሻይ ጠጥቶ ሲሄድ እኔ የምቀር ሰው ነኝ።

«ሲራጅ ወንድሜ፣ ነፍሴን አድናት» አልሁት።

«ያ ዞል፣ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «ያ ዞል» የሚለው ድንበር ለድንበር የለመደው ዐረብኛ ነው፤ «አንተ ሰውዬ» ማለቱ ነው። ነገርሁት። ሳቀ። ከዚያ አዘነልኝ። «የእርሻው ወኪል ሳሉግ አምጣ ብሎ ልኮኝ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ አጣሁ። የቀን ሠራተኛውን ሁሉ ሌሎች እርሻዎች በሌሊት ወስደውታል። ባዶዬን ከምመለስ እናንተን ልጫን። ያልኸው ባኦባብም በመንገዴ ነው። ተማም?»

«ተማም!» አልሁ። ከዚያ ቀደም በዐረብኛ ተስማምቼ አላውቅም ነበር።

ከሻይ ቤቱ ወንበር አስወጥተን፣ አሥራ ሦስቱን ጡረተኞች በወንበሩ ላይ እያቆምን ተሳቢው ላይ ጫንናቸው። አልተከፉም፤ እንዲያውም ተደሰቱ። ባዶ ጆንያ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ፀሐይዋ ብቅ ስትል አሥራ ሦስት ጃንጥላ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። መንገድ ላይ ያገኘን ገበሬ ሁሉ ታቦት ያለ መስሎት ባርኔጣውን ያወልቃል።

እኔ ሲራጅ ጎን የጎማው መከለያ ላይ ተቀመጥሁ። ስምምነታችን ቀላል ነበር፤ እነሱ ይጠይቁኛል፣ እኔ ሲራጅን በቀስታ እጠይቃለሁ፣ እሱ በቀስታ ይነግረኛል፣ እኔ ጮክ ብዬ አስተምራለሁ። ያልቆጠርነው ነገር ቢኖር ትራክተር ላይ «በቀስታ» የሚባል ነገር አለመኖሩን ነው። ሞተሩ ሲነሣ የራሴን ሐሳብ እንኳ መስማት አቃተኝ።

ብዙም ሳንሄድ ጋሽ ይልማ ተነሥተው ቆሙ። ጋሽ ይልማ ባዮሎጂ ያስተማሩ፣ ማጉያ መነጽር ከኪሳቸው የማይለይ ረጅም ሰው ናቸው። «መምህር! ያ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጠው ዛፍ ምን ይባላል?»

ወደ ሲራጅ ጆሮ ተጠጋሁ። «ያ ዛፍ ምን ይባላል?»

ሲራጅ አልሰማኝም። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «እንጃ!» አለ።

ዞርሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ክፍል ውስጥ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «እንጃ ይባላል!» አልሁ። ያልሁትን የሰማሁት ካልሁት በኋላ ነው።

«እንጃ?» አሉ ጋሽ ይልማ።

«እንጃ።»

«በአገሬው አጠራር መሆኑ ነው?»

«በአገሬው።»

እትዬ አስካለ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «እ…» አሉ።

ያልሆነ ነገር ያናገረኝ ይህ ነው። «ቅጠሉ ተቀቅሎ ለሆድ ቁርጠት ይጠጣል» አልሁ። አሥራ ሦስት እስክሪብቶ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ራቅ ብሎ ተመሳሳይ፣ ግን ወፈር ያለ ዛፍ መጣ። «ይኸኛውስ?» አሉ ጋሽ ይልማ። ምን ልበል? «ይኸ ወንዴው እንጃ ነው» አልሁ። አንዲት ሴትዮ «ጎበዝ፣ እንዴት ያስረዳል!» ሲሉ ሰምቼ ልቤ ትንሽ ደፈረ። ከጥፋት ሁሉ የሚከፋው የተመሰገነ ጥፋት ነው፤ ሰው ይደግመዋል።

ደገምሁት። ከመንገዱ በስተቀኝ፣ በሜዳው መሐል ሣር የለበሰ ጉብታ ብቅ አለ። ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ ሦስት ሰዓት ነው። በፕሮግራሙ መሠረት ታሪካዊ ኮረብታ ያስፈልገኛል። ይህ ደግሞ ኮረብታ ነው። ሲራጅን አስቆምሁት።

«ይህ ኮረብታ» አልሁ እጄን ዘርግቼ፣ «የንጉሥ ጉልበት ይባላል።»

«የየትኛው ንጉሥ?» አሉ እትዬ አስካለ። ታሪክ አስተማሪ ናቸው ብያችኋለሁ።

ላብ አጠመቀኝ። መተማ ላይ የወደቁትን፣ ከተማዋም ስማቸውን የያዘችላቸውን ንጉሥ አስታወስሁ። «መተማ ላይ የወደቁት ንጉሥ፣ ወደ ጦርነቱ ሲወርዱ እዚህ ተንበርክከው ጸለዩ።»

«ይህን እኔ የትም አላነበብሁም።»

«አልተጻፈም፣ እትዬ። በአፍ ነው የሚነገረው።»

«እ…»

«ጉልበታቸው ያረፈበት ሣር ዛሬም ከሌላው ይልቅ ይለመልማል» አልሁ። እግዜር ይይልኝ፣ በእርግጥም ለምልሞ ነበር።

ጡረተኞቹ ወረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጃንጥላቸውን አጠፉ፣ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ከጉብታው ፊት ተሰልፈው በዚያ ፀሐይ የኅሊና ጸሎት አደረጉ። አንድ አላፊ እረኛ ላሞቹን ትቶ ቆመ። ሲራጅ እኔን ያያል፣ ጉብታውን ያያል፣ የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ይከፍትና ይዘጋል። እኔ ዓይኑን ሸሸሁ።

ወደ ባኦባቡ መሄድ ጀምረን ሳለ የሲራጅ ስልክ ጠራ። ወኪሉ ነው። ሲራጅ አነጋግሮ ሲጨርስ፣ «ኸላስ፣ ዛፉ ይቆይ። አለቃዬ ናፍታ ጨርሶ ጠርቶኛል፤ ሁለት ደቂቃ እርሻው ጋ ደርሰን እንመለስ» አለኝና መሪውን አዞረው።

እርሻው ስትደርሱ ዓይን እስከሚችለው ድረስ ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ቸር እህል አይደለም። የደረሰ ቀን ካልታጨደ ፍሬ መያዣው ተከፍቶ ሁሉን መሬት ላይ ይደፋዋል፤ ስለዚህ በጥቅምት የእርሻ ሰው እንቅልፍ የለውም፣ ትዕግሥትም የለውም። አቶ ደሴ የሚባለው የእርሻው ወኪል እንቅልፍም ትዕግሥትም እንደሌለው ከሩቅ ያስታውቃል። ሲራጅ ትራክተሩን አቁሞ የናፍታ ጀሪካኑን ይዞ ወደ መጋዘኑ ሄደ። አቶ ደሴ ማጭድ ታቅፎ ወደ ተሳቢው መጣና ቀና ብሎ አየ። አሥራ ሦስት ጃንጥላ ወደ ታች አየው።

«ይኸ ሲራጅ» አለ ለራሱ፣ «ሳሉግ አምጣ ብለው የሳሉግ አያቶች አመጣልኝ!» ከዚያ ሰሊጡን ዞሮ አየ፤ ተነፈሰ። «ይሁን፣ ከምንም ይሻላል። ውረዱ፣ ውረዱ! ፀሐይ ሳትበረታ ያችን ፈር ጨርሱልኝ!»

እንግዲህ እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። «እነዚህ ሠራተኞች አይደሉም፣ እንግዶች ናቸው» ማለት አራት ቃል፣ ቢበዛ አምስት ቃል ነው። ነገር ግን እንዲያ ካልሁ፣ የተሳፈርነው የማላውቀው ሰው ትራክተር፣ የምንሄደውም የማላውቀው መንገድ መሆኑ ሊታወቅ ነው። ሳመነታ ጋሽ ይልማ ዘለው ወረዱ። «የተግባር ትምህርት!» ብለው ማጭድ ተቀበሉ። ሌሎቹም ተከተሉ።

እትዬ አስካለ ብቻ ያደልኋቸውን ፕሮግራም አውጥተው አዩ። «ይኸ እዚህ ላይ አለ?»

«አለ፣ እትዬ።»

«አራት ተኩል ላይ ‹ዕረፍት› ነው የሚለው።»

«ዕረፍቱ… በአጨዳ መልክ ነው።»

«እ…» አሉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ወረዱ።

ጉዱን ባያችሁት ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ የያዘ እጅ ማጭድ ይዞ፣ ግማሹ ሰሊጡን ግማሹ የራሱን ጋቢ ያጭዳል። አቶ ደሴ ከኋላ ከኋላቸው እየሮጠ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ፍጠን እንጂ! ዛፍ ልትተክል ነው የመጣህ?» ይላል። ጋሽ ይልማ ቀና ብለው ደብተራቸውን አወጡና ጻፉ። ቆይቼ አየሁት፤ «የአካባቢው ሕዝብ ግልጽ ንግግር ይወዳል» ይላል።

ሁሉም እያጨዱ እኔ ባዶ እጄን መቆሜ አሳፈረኝ። አስጎብኚም አይደለሁ? ስለዚህ ከታሰረው አንዱን ነዶ አነሣሁና፣ «እንግዲህ ይህ የሰሊጥ ተክል ነው፤ ሥሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ» አልሁ። ሥሩን ለማሳየት ነዶውን ዘቀዘቅሁት።

የደረሰ ሰሊጥ አይዘቀዘቅም። ይህን የቆላ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ነዶውን እንደ ሰው አቁመው አንዱን ባንዱ እያስደገፉ ይከምሩታል፤ ክምሩንም ሂላ ይሉታል። ደርቆ በጨርቅ ላይ እስኪራገፍ ድረስ ማንም አይገለብጠውም። እኔ ገለበጥሁት። ፍሬው ሸሸሸ ብሎ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ግራ ገባኝና የቀረ ካለ ብዬ ነቀነቅሁት።

አቶ ደሴ የጮኸውን ጩኸት ሱዳን ሰምታዋለች።

«ማነህ አንተ? ከየት ነው የመጣኸው? ሰሊጥ አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ… መምህር ነኝ።»

«ምን የምታስተምር?»

«ጂኦግራፊ።»

«የየት አገር?»

በዚህ መሐል ሲራጅ ጀሪካኑን ይዞ ተመለሰ፤ ያየውን ማመን አቅቶት ጀሪካኑን ጣለው። ሮጦ መጥቶ ለአቶ ደሴ ነገረው። አቶ ደሴ የታቀፈውን ማጭድ አየ፣ ጋሽ ይልማን አየ፣ «ጡረተኛ መምህራን?» አለ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «እኔኮ… ይቅር በሉኝ! በእናታችሁ ይቅር በሉኝ! መምህርን ‹ፍጠን› አልሁ!» እያለ ማጭዱን ከእጃቸው ለመቀበል መሮጥ ጀመረ። ጋሽ ይልማ ግን አልሰጥም አሉ። «የጀመርሁትን ፈር ሳልጨርስ ወዴትም አልሄድም» አሉ።

ሌሎቹን ራኩባ ሥር አስገባቸው። ራኩባ በእንጨትና በማሽላ አገዳ የተሠራ ዳስ ነው፤ ቆላ ላይ ከቤት ይልቅ የሚወደድ ጥላ ነው። እዚያ የእርሻው ጠባቂ አያ ጫኔ ተቀምጠዋል። አርማጭሆ ተወልደው ቆላ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው፤ በእርሻው ላይ የሆነውን ሁሉ እያዩ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። አቶ ደሴ ሐብሐብ ቆርሶ አቀረበ። ሁሉም መብላት ሲጀምሩ እትዬ አስካለ ደብተራቸውን ገልጠው ከአያ ጫኔ አጠገብ ተቀመጡ።

የያዝሁትን ሐብሐብ መልሼ አስቀመጥሁ።

«አያ ጫኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ እትዬ አስካለ። «ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጠው ዛፍ ስሙ ማን ይባላል?»

«እሱማ የዕጣን ዛፍ ነዋ! ዕጣኑን ከሱ አይዶለም የምናወጣው?»

«እንጃ አይባልም?»

«እንጃ?» አያ ጫኔ ሲራጅን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንጃ!»

እትዬ አስካለ በደብተራቸው ላይ መስመር ሰረዙ። «ደግ። ከመንገዱ ቀኝ ያለችው ጉብታስ? የንጉሥ ጉልበት?»

አያ ጫኔ ዱላቸውን ያዙ። «የቷ? ሣር የወጣባት?»

«እሷው።»

«እመቤቴን! እሷኮ መንገድ ሠሪዎች የጣሏት ጠጠር ናት። ሳያነሷት ሄዱና ክረምት ሣር አበቀለባት።» ይህን ብለው የዳሱን ምሰሶ ተደግፈው መሳቅ ጀመሩ። ሲራጅም ጧት ሊነግረኝ የከፈተውን አፉን አሁን ከፍቶ ሳቀ። ራኩባው ሥር ያሉት ጡረተኞች ግን አልሳቁም። ዘወር ብለው ሁሉም አዩኝ። ለጠጠር የኅሊና ጸሎት ያደረገ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ያየ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ። ምንም አላሉም። ዝም ብለው ጠበቁኝ።

ያ ዝምታ መጣ። ጨነቀኝ። አፌ ልማዱ ነውና ለመጨመር ተከፈተ። «የዕጣን ዛፍ በሌላ ስሙ…» ልል ነበር። ከዚያ ሰናይት ትዝ አለችኝ። ዛሬ ብተርፍ ነገ ዝሆኑን አሳየኝ ትለኛለች። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲጨምር ሊኖር ነው ማለት ነው። ድንገት ደከመኝ።

«አላውቅም» አልሁ።

«ምኑን?» አሉ።

«ምኑንም፣ እትዬ። ዛፉን አላውቅም። ጉብታውን ዛሬ ነው ያየሁት። እዚህ ስምንት ዓመት ስቀመጥ ከሻይ ቤት አላለፍሁም። ዝሆንም አላየሁም። ልጅዎን ስለወደድኋት፣ ሰው ሆኜ እንድታየኝ ብዬ ነው የዋሸሁት። ለእርስዎ ደግሞ ስለፈራሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወደ ከተማ ልመልሳችሁ። ለሰናይትም እኔው እነግራታለሁ።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። በዚያች ጊዜ ውስጥ በልቤ ሠርጌን አፍርሼ፣ ሽማግሌዎቼን በትኜ፣ ቬንትሌተር ሥር ብቻዬን አርጅቼ ጨረስሁ።

«ቁጭ በል» አሉኝ።

«የት፣ እትዬ?»

«ከተማሪዎቹ ጋር ነዋ።» ብጣሽ ወረቀት ከደብተራቸው ቀደው እስክሪብቶ ጨምረው ሰጡኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መተማን ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ካርታ ላይ ሳሳይ ጣቴ ሁልጊዜ ሱዳን ይገባ ነበር። አንድ ተማሪ እንኳ አላወቀብኝም» አሉኝ። ወደ አያ ጫኔም ዞሩ። «በሉ አባታችን፣ ያስተምሩን።»

አያ ጫኔ መጀመሪያ አፈሩ፤ «እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፣ ለመምህር ምን ላስተምር?» አሉ። ከዚያ ጀመሩ፤ ከጀመሩ በኋላም የሚያቆማቸው አልተገኘም። የመሬቱን ስንጥቅ አይተው ዝናቡ መቼ እንዳቆመ ነገሩን። አያታቸው ከአባታቸው ሰምተው ያወረዱላቸውን የመተማን ጦርነት፣ ማን የማንን አስከሬን ተሸክሞ እንዴት እንደወጣ፣ እንደ ትናንት አወሩልን። የደጋው ማርና ቡና ከሱዳን ጨርቅና ጨው ጋር የሚገናኝበትን የድሮውን ገበያ፣ ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት ሳሉጎች ሲያጭዱ የሚያወርዱትን ግጥም እያዜሙ አሰሙን። ጋሽ ይልማ ፈራቸውን ጨርሰው ላባቸውን እየጠረጉ መጡና ግጥሙን ተቀበሏቸው። እኔ ወረቀቴን በአራቱም ጠርዝ ሞልቼ ክንዴ ላይ ቀጠልሁ።

ሲመሽ ሳይሆን ገና ፀሐይ ዘንበል ስትል ሲራጅ መለሰን። በመንገድ ላይ ባኦባቡን አየነው። ሆዷ የገፋ ሴት መስሎ ቆሟል። እትዬ አስካለ ሌሎቹ ሲዞሩት እኔን ለብቻዬ አስቀመጡኝና አሥር ጥያቄ ጠየቁኝ። ስድስቱን መለስሁ። ሦስቱን ሳትሁ። አንዱን «አላውቅም» አልሁ። እትዬ አስካለ ወረቀቱ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አሳርፈው ፈረሙ፤ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ነው ጉብኝት የሚመጡት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ደብተራቸው ውስጥ ከተቱት።

ሆቴሉ ደርሰን ጡረተኞቹ ፊታቸውን ሊታጠቡ ገቡ። እኔ ከግቢው አጥር ጥግ ተቀምጬ ከሱሪዬ እሾህ እነቅላለሁ። እትዬ አስካለ ከአጥሩ ወዲያ ስልክ ይዘው ቆሙ። እኔን አላዩኝም። ብነሣ ያዩኛል፣ ብቀመጥ እሰማለሁ። ተቀመጥሁ።

«ሰናይት? አዎ፣ ደኅና ውለናል… አየሁት፣ አዎ። ምን ልበልሽ? ምንም አያውቅም… ምንም ስልሽ ምንም! ሰሊጥ ዘቅዝቆ ይይዛል… ምን ያስለቅስሻል? ቆይ አስጨርሽኝ እንጂ፣ አትንጫጪብኝ!»

እሾሁ በእጄ ላይ ቀረ።

«አላውቅም ማለት ግን ያውቃል» አሉ እትዬ አስካለ። «አባትሽ በአርባ ዓመት ያልቻለውን እሱ በግማሽ ቀን ቻለው። በይ፣ ሽማግሌ ይላክ በዪው።»